መቀርቀሪያው በየት በኩል ነው?

ከኔልሰን ወደ ሰሜን፣ ሐይቁን በግራ ይዘን፣
አርባ ደቂቃ በጠጠር መንገድ፣ ጥድ ለጥድ ተጉዘን፣
ቨርና ፒካፗን አቆመች ከዛገው በር ፊት።
«እኔ እዚህ እቆያለሁ» አለች፤ አልጠየቅኋትም ምክንያት።
ቁልፎቹን ሰጠችኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው፣
በጫማ ክር የታሰሩ፣ የእርጥብ ሳንቲም ሽታ ያላቸው።

ሥራዬ ይኸው ነው፤
ሊፈርስ የተፈረደበትን ቤት ቀድሜ እቆጥረዋለሁ፤
ስንት በር፣ ስንት መስኮት፣ ስንት ሜትር የእርሳስ ቧንቧ፣
የቱ ጣሪያ አስቤስቶስ አለው፣ በየቱ ወለል ዝናብ ገባ።

ዊንደርሊ ፍልውሃ ሆቴል።
ከስሙ ሦስት ፊደል ረግፏል፤
ዘውዱ ግን አሁንም በሩ አናት ላይ አለ፣ ወፍ ጎጆ ሠርታበት።
ምንጩ የቨርና ሰዎች ነበር፤
ባሕር ማዶ በተቀመጠ ንጉሥ ስም አንድ ወረቀት መጣ፣
የሚታጠበው ገባ፣ የሚያጥበው ወጣ፤
ኋላ ልጆቹን መልሰው ጠሩ፣ አንሶላ እንዲያጥቡ።

ሳሎኑ ውስጥ ፒያኖው በጉልበቱ ተንበርክኳል።
የአጋዘን ራስ ከግድግዳው፣ አንድ ዓይኑን ጥሎ፣
ያየኛል፣ «አንተ ደግሞ የማን እንግዳ ነህ?» ብሎ።
መዝገቡን አገኘሁት፤ ዳር ዳሩን አይጥ በልቶታል፤
ኮሎኔል እገሌ ከነባለቤታቸው፣
ወይዘሮ እገሊት ከነውሻቸው።
የውሻው ስም እንኳ በጥሩ ቀለም ተጽፏል፤ ሱልጣን።
አንሶላውን ያጠቡት ግን የሉም።
ገጽ ብገልጥ፣ ገጽ ብገልጥ፣ የሉም።

ወደ ምድር ቤት ወረድኩ፣ ጭንብሌን አጥብቄ።
የደወሎቹ ሰሌዳ አለ፤ ሠላሳ ስድስት ደወል፣
እያንዳንዱ የክፍሉ ቁጥር ተጽፎበት።
አንዱን በጣቴ ነካሁት፤ ጮኸ።
ከመቶ ዓመት በኋላም የሚታዘዝ ነገር ያስፈራል።

ከደወሎቹ ቀጥሎ የልብስ ማጠቢያው ነው፤
የድንጋይ ገንዳዎች፣ የከሰሉ ወራጆች፣ ሰማይ በቀዳዳ።
ስለ እሳቱ ሰምቻለሁ፤ ከተማው እንዲህ ያወራል፦
«ብርድ ፈርተው ከውስጥ ዘጉት፤ እንቅልፍ ጣላቸው» ይላል።
ሰባት ልጃገረዶች።
ኩባንያው እንዲህ ጻፈ፣ ዳኛው እንዲህ አነበበ፣
ቄሱም ይህንኑ ሰበከ።

ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፣ እውነት ነው፤
ምላስ ማጣቱ ነው መከራው።
በር ግን ምላስ አለው።
በባትሪዬ አበራሁት፤
አውራ ጣት የሚያህል ብረት፣ የጠቆረ እንጂ ያልቀለጠ፣
በኮሪደሩ በኩል የተገጠመ።
እኔ በቆምኩበት በኩል።
ዘጊውም በቆመበት።

ቅጼ ላይ ዓምዶች አሉ፤ ዓይነት፣ ብዛት፣ ልክ፣ ሁኔታ።
«በየት በኩል» የሚል ዓምድ የለም።
ከ«ሁኔታ» ሥር «ይሠራል» ብዬ ጻፍኩ፣
ከዚያ እስክሪብቶዬ ቆመ።

ካቻቢቴ አወጣሁ። አራት ብሎን ነው።
ልውሰድላት ብዬ ነበር፣ በእጇ እንድትይዘው።
ሁለቱን ፈትቼ ነው የገባኝ፤
ከበሩ ከተነቀለ ብረት ብቻ ነው፣
በየት በኩል እንደነበር ማን ሊመሰክር ነው?
መልሼ አጠበቅሁት።
ያንን በር ዳግመኛ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ፤
እጄ ይህንን ያውቃል።

ስወጣ ቨርና የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለች ነበር፣
ማሞቂያው እየነፋ፣ ሬዲዮው ስለ ሆኪ እያወራ።
እንዴት ነው አላለችኝም፤ ስንት በር አላለችኝም።
«መቀርቀሪያው በየት በኩል ነው?»
«ከውጭ።»
ሬዲዮውን ዘጋችው።

ብዙ ቆይታ፣ ፊቷን ወደ መስታወቱ አድርጋ፣
«አያቴ» አለች «እስክትሞት በር ከፍታ ነው የተኛችው፤
በጥር ብርድም። አባቴ ይቆጣት ነበር፣ ማገዶ አለቀ እያለ።
አይዳ የምትባል እኅት ነበረቻት። አሥራ አራት ዓመቷ።
ከዚህ በላይ ነግራን አታውቅም።»

ሞተሩን አጠፋች።
የሱፉን ቅርፊት ከቀሚሷ አራገፈች፣
ቁልፎቹን ከእጄ፣ ባትሪውን ከኪሴ ወሰደች፤
«ና፣ አሳየኝ» አለች።

በረዶ መጣል ጀምሮ ነበር።
ከኋላችን በሩን ማንም አልዘጋው።